ሱባኤ ለመግባት ላሰባችሁ፦ ከመሰናዶው እስከ መውጫው

ለብቻ መሆን በራሱ እምነት አይጨምርም። በወሎ ወዳለው ግሸን ደብረ ከርቤ የወጣ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ዛሬ ምእመናን ሱባኤ የሚይዙበት ያ አምባ በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ዘር ተለይቶ የሚጠበቅበት ቦታ ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት እዚያ ተጠብቀው ኖረዋል፤ ከወረዱም በኋላ በሃይማኖት ድርሰታቸው የሚታወቁ ንጉሥ ሆኑ። በዚያው አምባ፣ በዚያው ብርድ ግን ማምለጫ ሲፈልጉ የኖሩም ነበሩ። ብቸኝነት ሰው ይዞት የገባውን ነገር ያጎላዋል፤ ጸሎት ይዞ የገባ ጸሎቱ፣ ቂም ይዞ የገባ ቂሙ ይበረታበታል።

ስለዚህ የገዳም ሥርዓት ለጀማሪ ብሕትውናን፣ ማለትም ለብቻ ተለይቶ መኖርን፣ አይፈቅድም። ሰው መጀመሪያ ማኅበር ውስጥ ገብቶ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሸከማል፣ ሲያዙት እሺ ይላል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንኳ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብተው በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሥር እየታዘዙ ተምረዋል። ለምእመን የተሰጠው የብቸኝነት መለኪያ ሱባኤ ነው፤ ቃሉም ሰባትን ያመለክታል፣ ሰባት ቀን። መግቢያው የታወቀ፣ መውጫው የተቆረጠ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ቦታ መምረጥ ሳይሆን የንስሐ አባትን ማማከር ነው። ስንት ቀን፣ ምን ያህል ጾም፣ ስንት ስግደት የሚለውን እሳቸው ይወስኑላችሁ። ሱባኤ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ 3 ቀን ጠይቁ፤ 7 ቀን ጀምሮ በ4ኛው ቀን ማቋረጥ ልብ ይሰብራል። ቀጥሎ የተጣላችሁትን ሰው ታረቁ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፣ ሱባኤያቸው የሚበላሽባቸውም እዚሁ ላይ ነው። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ የሚለው የጌታ ቃል በሱባኤ ጎጆ ውስጥም ይሠራል። ያልታረቀ ሰው ዳዊት ሲደግም ከንፈሩ ከመዝሙሩ ጋር፣ ልቡ ከክርክሩ ጋር ይሆናል፤ ዝም ባለ ቦታ ደግሞ ክርክሩን የሚያቋርጥለት ሰው የለም።

ቦታን በተመለከተ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች ወደ ውስጥ አይዘልቁም። ግሸን ለሁሉም ክፍት ነው፤ ነገር ግን መስከረም 21 የንግሥ በዓል ስለሆነ በዚያ ሰሞን ጸጥታ አትፈልጉ። ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ፣ ሁለት ሱባኤ የሚያዝበት ዋናው ወቅት ነው፤ ክረምት ስለሆነ ግን መንገዱ ያዳልጣል፣ ደጋው ይበርዳል። ጋቢ ብቻ አይበቃም፣ ወፍራም ብርድ ልብስና ከመሬት የሚለይ ምንጣፍ ያዙ። ገዳም መሄድ ያልቻለ ቤቱ አንዲት ክፍል ዘግቶ፣ ለቤተሰቡ ተናግሮ ሊይዝ ይችላል።

ስንቅ ለ7 ቀን፦ 1 ኪሎ ሽምብራና 1 ኪሎ በሶ፣ ትንሽ ጨው። የቀኑን ድርሻ፣ ሁለት እፍኝ ያህል ሽምብራ፣ ማታ አጥባችሁ ዘፍዝፉት። በማግስቱ በመብያው ጊዜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ አብጦ፣ ልጣጩ ላላ ብሎ፣ በጥርስ ሲነከስ ቀጨም የሚል ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቀስ ብላችሁ ቆርጥሙ፤ በደንብ ያልታኘከ ጥሬ ሌሊቱን ሆድ ይነፋል፣ የሆድ ንፋት ደግሞ የመንፈቀ ሌሊቱን ጸሎት ያሰናክላል። ከባድ ከሆነባችሁ ቀቅሉት፣ ንፍሮ ነውር የለውም። ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ 2 ሊትር ውኃ እየከፋፈላችሁ ጠጡ። በሁለተኛው ቀን የሚመጣው ራስ ምታት ብዙውን ጊዜ የውኃ ጥማትና የቡና ሱስ ነው፤ ፈተና ነው ብላችሁ አትደናገጡ። ቡና ከመግባታችሁ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ቀንሱ።

የጸሎት ሰዓቶቹ ሰባት ናቸው፦ ነግህ በ12፣ ሠለስት በ3፣ ቀትር በ6፣ ተሰዓት በ9፣ ሰርክ በ11፣ ንዋም ከምሽቱ 3፣ መንፈቀ ሌሊት በ6። ሁሉንም በእኩል ርዝመት ለመያዝ አትሞክሩ። ነግህ፣ ሰርክና መንፈቀ ሌሊትን ሙሉ አድርጉ፤ በቀሩት አባታችን ሆይና 12 እግዚኦታ («እግዚኦ» እያሉ መማጸን) ይበቃል። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ያዙ። ዳዊቱም በቀን ተከፍሏል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፤ እሑድ መኃልየ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። መቁጠሪያችሁ ላይ 41 እግዚኦታ ስታደርሱ ጣታችሁን ከፍሬ ወደ ፍሬ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ፤ ጣት ሲፈጥን ልብ ወደ ኋላ ይቀራል። በእሑድና በጌታ ዐበይት በዓላት የንስሐ ስግደት የለም። እንቅልፍ አትከልክሉ፦ ከምሽቱ 3 ተኩል እስከ 6፣ ከዚያም ከ7 እስከ 11 ተኙ።

ስልካችሁን አጥፍታችሁ ለአስተናጋጁ መነኩሴ ወይም ለቤተሰብ ስጡት። ድምፁን አጥፍቶ ኪስ መያዝ አይሠራም፤ እጅ በየሰዓቱ ወደ ኪስ ይሄዳል።

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ነው። ረኀቡ ተለምዷል፣ የመጀመሪያው ግለት በርዷል፣ ሰዓቱ አልሄድ ይላል። ዳዊት «የቀትር ጋኔን» የሚለውን አባቶች ከዚህ ድካም ጋር ያያይዙታል። መድኃኒቱ ጸሎት ማርዘም አይደለም፤ ተነሥታችሁ በእጅ ሥራ ሥሩ፦ ግቢ ጥረጉ፣ ውኃ ቅዱ፣ እንጨት ፍለጡ። ሕልም ወይም ድምፅ ቢመጣ አትመኑት፣ አትናቁትም፤ ለንስሐ አባት ብቻ ንገሩ። ጾምና የእንቅልፍ እጦት ራሳቸው ብዙ ያሳያሉ። ለጓደኛ የተነገረ ሕልም በአንድ ሳምንት ውስጥ ትዕቢት ይሆናል።

ስኳር ያለባችሁ፣ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮች ሐኪም ሳታማክሩ እህል አትከልከሉ። ሐዘን የጸናበት፣ መኖር ያስጠላው ሰው ደግሞ ብቻውን አይዘጋ። ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ መጀመሪያ የሰጠው ራእይ ሳይሆን እንጎቻና ውኃ ነበር፤ በላ፣ ተኛ፣ ዳግመኛ በላ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኮሬብ የሄደው። እንዲህ ላለው ሰው የማኅበር ጸሎትና አጠገቡ የሚያድር ሰው ይሻለዋል።

አንድ ቤተሰብ ውስጥ ክርስትናም እስልምናም በሚገኝበት በወሎ፣ የሙስሊሙ ሥርዓትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኢዕቲካፍ፣ ማለትም ለአምልኮ መስጊድ ውስጥ መቆየት፣ የሚገባ ሰው በረመዳን 20ኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ነይቶ (በልቡ አስቦ) መስጊድ ይገባል፤ ለግድ ጉዳይ ካልሆነ አይወጣም፣ ጨረቃዋ ለዒድ ስትታይ ያበቃል። ኸልዋም፣ ለዚክርና ለዱዓ ለብቻ መገለል፣ በሸኽ ፈቃድ ይያዛል። በዚያም በዚህም መሪና ቀነ ገደብ የሌለው መነጠል አይመከርም፤ ያለ ቀጠሮ ከሰው የራቀ ሰው እየሸሸ እንዳልሆነ ራሱን ይጠይቅ።

በመጨረሻው ቀን ቅዳሴ አስቀድሱ፣ የተዘጋጀ ይቁረብ። ሆዳችሁን በቀጭን አጥሚት ወይም በተልባ ፍቱት፤ ለሁለት ቀን በርበሬ የበዛበት ወጥ አትብሉ፣ ጨጓራ ይነሣል። ወደ ንስሐ አባታችሁ ተመልሳችሁ የከበዳችሁን ተናገሩ። ከሰባቱ ሰዓት አንዱን፣ ቢቻል ነግህን፣ ይዛችሁ ውጡና በቤታችሁ እስከ 40 ቀን ሳታቋርጡ ጠብቁት። በእነዚህ 40 ቀናት የቤታችሁን ሰው ጠይቁ፦ ቁጣዬ ቀንሷል? እናንተ ከምታስቡት ይልቅ የእነሱን መልስ እመኑ፤ ካልቀነሰ ለሚቀጥለው ሱባኤ ቀን አትጨምሩ፣ የታረቃችሁትን ሰው እንደገና ሂዳችሁ እዩት።