ሒሳብ እየዘጉ ለኤሲሲኤ ፈተና ማጥናት

የኤሲሲኤ (የዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር) ፈተናዎች በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣሉ፤ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር። አራቱም ጊዜ ፈተናው የሚውለው በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት አካባቢ ነው። ፋይናንስ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ወዲያው ሊታየው ይገባል፤ ያ ሳምንት ያለፈው ወር ሒሳብ የሚዘጋበት ሳምንት ነው። ለእኔ የታየኝ ከትምህርቶቹ አንዱ በሆነው በፐርፎርማንስ ማኔጅመንት 46 አምጥቼ ከወደቅኩ በኋላ ነው። ማለፊያው 50 ነው።

ለዚያ ፈተና ያወጣሁት ዕቅድ ወረቀት ላይ ያማረ ነበር። 14 ሳምንት፣ በሳምንት 12 ሰዓት፣ በድምሩ 168 ሰዓት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ለሙከራ ፈተና ብቻ ትቼያቸው ነበር። ሳምንታቱ ሲደርሱ ግን እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ቢሮ ቁጭ ብዬ የባንክ ማስታረቂያ ስሠራና የአቅራቢዎችን ሒሳብ ከሌጀር (ከዋናው የሒሳብ መዝገብ) ጋር ሳመሳክር ከረምኩ። አንድም ሙሉ የሙከራ ፈተና ሳልሠራ ፈተና ገባሁ። ውጤቱ ከመጣ በኋላ የቀን ማስታወሻዬን ገልጬ በእርግጥ ያጠናሁትን ስደምር 97 ሰዓት ሆነ። በነዚያ 14 ሳምንታት ውስጥ ሦስት የወር መዝጊያዎች ነበሩ፤ አንዳቸውንም ዕቅዱ ላይ አላሰፈርኳቸውም። በየወሩ በእጄ የምዘጋውን ሒሳብ ማለት ነው።

ስለዚህ ለመጽሐፉ ምዕራፎች ቀን ከመመደባችሁ በፊት የሥራችሁን ቀን መቁጠሪያ አውጡ። ሒሳብ የምትዘጉባቸውን ቀናት፣ ደመወዝ የሚሠራበትን፣ የግብር ማስታወቂያ የሚገባበትን፣ የበጀት ዝግጅቱን፣ ኦዲተሮች የሚመጡበትን ሁሉ በቀይ አስምሩ። እኔ ለአንድ ወር መዝጊያ ስድስት የሥራ ቀን እይዛለሁ፤ ከወሩ መጨረሻ ሁለት፣ ከአዲሱ ወር አራት። ሌላ ክፍል ያላችሁ የራሳችሁን ታውቃላችሁ። ኦዲት ድርጅት የምትሠሩ ደግሞ ቀዩ ወራትን ሙሉ ሊሸፍን ይችላል። የሚቀረው ነጭ ቦታ ነው የእናንተ የጥናት ጊዜ።

ያላችሁን ሰዓት መቁጠር

ከአንዱ የፈተና ወር እስከ ቀጣዩ 13 ሳምንት አለ። አንዱን ሳምንት ለዕረፍት እተወዋለሁ፤ 12 ይቀራል። ከ12ቱ ሦስቱ መዝጊያ ያለባቸው ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ ፈተናው ራሱ ያለበት ወይም ከፈተናው በፊት ያለው ሳምንት ነው። በተራ ሳምንት ከሥራ በፊት በየጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ አራት፣ እሁድ ጠዋት ሁለት፣ በድምሩ 11 ሰዓት አገኛለሁ። በመዝጊያ ሳምንት አራት ሰዓት ካገኘሁ ጥሩ ነው። ዘጠኝ ሲባዛ በ11፣ 99፤ ሦስት ሲባዛ በ4፣ 12። ድምሩ 111። ከዚህ ላይ ለሕመም፣ ለቤተሰብ ጉዳይ፣ ያለ ማስታወቂያ ለሚመጣ ሥራ 15 በመቶ ቀንሼ 94 ሰዓት ላይ እቆማለሁ።

94 ሰዓት ለአንድ ትምህርት ይበቃል ወይ? ከሥራችሁ ጋር በሚቀራረብ ትምህርት እኔን በቅቶኛል። ፋይናንሺያል ሪፖርቲንግን በዚያ ያህል ሰዓት ያለፍኩት ቋሚ ንብረትንና የሊዝ ሒሳብን በየወሩ ስለምሠራ ነው። ከሥራዬ ውጭ ለሆነው ኦዲት ኤንድ አሹራንስ ግን አይበቃም ብዬ አንድ የፈተና ወር ዘልዬ 25 ሳምንት ሰጠሁት። መዝለል ያሳፍራል ብላችሁ አታስቡ። በአንድ ጊዜ እስከ አራት ትምህርት መመዝገብ ይፈቀዳል፤ ሙሉ ቀን ለሚሠራ ሰው ግን አንድ ይበቃል። እኔ በጠቅላላው ማርችን እተወዋለሁ፤ የበጀት ዓመታችን በዲሴምበር 31 ስለሚያበቃ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪን ለኦዲተሮች ሰነድ በማዘጋጀት ነው የማሳልፈው።

ሰዓቱን በግምት እንዳትሞሉት አደራ። ዕቅድ ሳታወጡ ሁለት ሳምንት ሙሉ መቼ ነፃ እንደሆናችሁና በዚያ ሰዓት ጭንቅላታችሁ ምን ያህል እንደሚሠራ ብቻ መዝግቡ። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ቁጥር ላይ አፍጥጬ ከዋልኩ በኋላ ማታ ስለ ቫሪያንስ (በታቀደውና በተገኘው ቁጥር መካከል ስላለው ልዩነት) ሳነብ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ እንደምደግመው ያወቅኩት ስመዘግብ ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ ይበቃኛል። ማታውን ፈጽሞ ከዕቅዱ አወጣሁት፤ ማታ የሚሠራ ጭንቅላት ያላችሁ ጠዋቱን ተኙበት።

ትምህርቱን ማከፋፈል

አሁን ባለው አደረጃጀት ፈተናዎቹ 13 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስትና የሕጉ ትምህርት ከአራቱ ወራት ውጭ በፈለጋችሁበት ቀን በኮምፒውተር የሚወሰዱ ስለሆኑ ቀዩን ሸሽታችሁ ወሩ አጋማሽ ላይ አስቀምጧቸው። ለቀሩት ቅደም ተከተሉ ላይ ጥቂት አስቡ። ፋይናንሺያል ሪፖርቲንግ ከኦዲት በፊት ቢወሰድ የኦዲቱ ጥያቄ ውስጥ ያለው የሒሳብ ስሕተት በቀላሉ ይታያችኋል። ስትራቴጂክ ቢዝነስ ሪፖርቲንግ ደግሞ የፋይናንሺያል ሪፖርቲንግ ቀጣይ ነው፤ በመካከላቸው ሁለት ዓመት ካለፈ ኮንሶሊዴሽንን (የእናትና የቅርንጫፍ ኩባንያዎችን ሒሳብ አንድ ላይ ማጠቃለልን) እንደ አዲስ መማር ይመጣል።

ካሉኝ ሰዓታት ግማሽ የሚሆነውን ብቻ ነው ለንባብ የምሰጠው፤ የቀረው ለጥያቄ ነው። በወደቅኩበት ጊዜ 97ቱ ሰዓት በአብዛኛው ንባብና በቀለም ማስመር ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስቀመጥ የጨመርኩት ሰዓት ትንሽ ነው፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ምዕራፉን ባነበብኩበት ቀን የምዕራፉን ጥያቄዎች መሥራት ጀመርኩ። በደንብ ሳይገባችሁም ጀምሩት። ያልገባችሁ የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ጥያቄው ነው።

የተሳሳትኩትን ሁሉ የማሰፍርበት ደብተር አለኝ። መልሱን አልገለብጥበትም፤ ለምን እንደተሳሳትኩ ነው የምጽፈው። ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ይሆናል፦ አላውቀውም፣ ጥያቄውን በትክክል አላነበብኩም፣ ወይም ሰዓት አለቀብኝ። አንድ ወር ከመዘገብኩ በኋላ ደብተሩን ስቆጥረው ትልቁ ክምር ሁለተኛው ሆኖ አገኘሁት። የተጠየቀው ልዩነት አድቨርስ (ትርፍ የሚቀንስ) ወይስ ፌቨረብል (ትርፍ የሚጨምር) መሆኑን ሳላይ፣ ዋጋው በወር ይሁን በዓመት ሳላጣራ ነበር ስሌት ውስጥ የምገባው። ይህን ሳላውቅ ተጨማሪ ንባብ ብመድብ ጊዜዬን የተሳሳተ ቦታ ላይ አፈሰው ነበር።

የሰዓቱን ነገር ከመጀመሪያው ተለማመዱት። ከሕጉ በቀር በሁለተኛው ደረጃ ያሉት፣ ማለትም ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀጥለው የሚመጡት ፈተናዎች ሦስት ሰዓት ከ100 ነጥብ ጋር ናቸው፤ ለአንድ ነጥብ 1.8 ደቂቃ ይደርሳል። በፐርፎርማንስ ማኔጅመንት አጫጭሮቹ ጥያቄዎች 60 ነጥብ ይይዛሉ፤ 108 ደቂቃ። ሁለቱ ባለ 20 ነጥብ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው 36 ደቂቃ። 36 ደቂቃ ሲሞላ ጥያቄው ባያልቅም ወደሚቀጥለው እለፉ፤ የአንድ ጥያቄ የመጀመሪያ ነጥቦች ከመጨረሻዎቹ በቀላሉ ይገኛሉ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር።

ልምምዱንም በወረቀት አትሥሩት። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ ኤሲሲኤ የፈተናውን ገጽታ የሚያሳይ የልምምድ መድረክ ለተማሪዎቹ አዘጋጅቷል። ስፕሬድሺት ላይ የደረሳችሁበትን ቁጥር ብቻ ከመጻፍ ቀመሩን በሴሉ ውስጥ ተዉት፤ አራሚው ከፍቶ ስለሚያየው መጨረሻው ቢሳሳት እንኳ አሠራራችሁ ነጥብ ያገኛል። የፈታኞች ሪፖርት የሚባሉትንም አንብቡ፤ ከፈተናዎቹ በኋላ ተፈታኞች የት የት እንደሳቱ ይጽፋሉ።

ኦዲት ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ሒሳብ ሠራተኞች በብዛት የምንሰናከልበት ስለሆነ። እኛ ቁጥር አስልተን መልስ ማግኘት ለምደናል፤ እዚያ ግን በብዛት የሚጠየቀው ጽሑፍ ነው። ጥያቄው ውስጥ ዘጠኝ መጋዘን ያለው ኩባንያ አለ እንበል፤ የዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ በሁሉም በአንድ ቀን ይካሄዳል። እኔ መጀመሪያ የምጽፈው «ክምችቱ በትክክል ላይመዘገብ ይችላል» ብዬ ነበር። ይህ ስለ የትኛውም ኩባንያ ሊባል ይችላል፤ ነጥብም አያስገኝም። የሚፈለገው ከታሪኩ የተነሣ ነው፦ ኦዲተሩ ዘጠኙም ቦታ በአንድ ቀን ሊገኝ ስለማይችል ስለ ክምችቱ መኖርና ሁኔታ በቂ ማስረጃ ላያገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ክምችት የሚገኝባቸውንና ቀድሞ ችግር የታየባቸውን መጋዘኖች መርጦ ይገኛል፤ በቀሩት ደግሞ የቆጠራ ሰነዶቹን ይመረምራል። አንድ አደጋ፣ አንድ ምክንያት ከታሪኩ፣ አንድ እርምጃ። በየጠዋቱ አንዲት እንዲህ ያለች አንቀጽ መጻፍ አንድ ምዕራፍ ከማንበብ ይበልጥብኛል።

መዝጊያውና ፈተናው ሲገጥሙ

ለፈተና በተመዘገባችሁበት ሳምንት ለአለቃችሁ ቀኑን በጽሑፍ አሳውቁ። ፈተናው በሥራ ቀን ነው የሚውለው። እኔ ሦስት ቀን የዓመት ፈቃድ ከአሥር ሳምንት በፊት እጠይቃለሁ፤ ሁለቱ ከፈተናው በፊት፣ አንዱ የፈተናው ዕለት። መዝጊያ ላይ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው መፍትሔ ይዞ መቅረብ አለበት። እኔ የማቀርበው እንዲህ ነው፦ የእርጅና ቅናሽን፣ የቅድሚያ ክፍያዎችንና በየወሩ የሚደጋገሙ ጆርናሎችን (የሒሳብ ምዝገባዎችን) በ25ኛው ቀን አዘጋጅቼ አስቀምጣለሁ፤ የባንክ ማስታረቂያውን አንድ ባልደረባዬ ይይዝልኛል፤ እኔ ደግሞ በሚቀጥለው ወር የእርሱን የተሰብሳቢ ሒሳብ ሪፖርት እሠራለሁ። እስካሁን እንዲህ ቀርቤ አልተከለከልኩም።

ከአለቃችሁ ጋር ከተቀመጣችሁ አይቀር የሥራ ልምዱን ጉዳይ አብራችሁ ጨርሱ። የኤሲሲኤ አባል ለመሆን 36 ወር የሥራ ልምድና በሥራ ላይ የሚታዩ ዘጠኝ የብቃት ዓላማዎች ተሟልተው በኃላፊ መረጋገጥ አለባቸው። እኔ «ፈተናው ሲያልቅ እሞላዋለሁ» ብዬ ሳቆየው ኃላፊዬ ሥራ ለቀቀ፤ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ለማስፈረም ወራት ወሰደብኝ። በየስድስት ወሩ የሠራችሁትን ጽፋችሁ አስፈርሙ።

ሙሉ የሙከራ ፈተናዎቹን ከመጨረሻው መዝጊያ በፊት ባሉት ሁለት ቅዳሜዎች አድርጓቸው፤ ፈተናው በሚጀምርበት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ሳትነሡ፣ ስልክ ጠፍቶ። በመዝጊያው ሳምንት አዲስ ነገር አትማሩ። በቀን 40 ደቂቃ የስሕተት ደብተሩን መልሶ መሥራት ይበቃል።

ሳምንት ሲበላሽ ደግሞ ያመለጠውን በሚቀጥለው ሳምንት ላይ አትጨምሩ፤ 11 ሰዓት የሚችል ሳምንት 20 አይችልም። በየአራት ሳምንቱ አንድ ቅዳሜ ምንም ሳልመድብበት እተዋለሁ፤ ያመለጠው ወደዚያ ይሄዳል። እዚያም ካልገባ ከምዕራፎቹ አንዱን አሳጥረዋለሁ። ምዝገባ መለወጥ የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን ሲቃረብ የደረስኩበትን ሰዓት ቆጥሬ ከዕቅዱ ግማሽ በታች ከሆነ ወደሚቀጥለው የፈተና ወር አዛውረዋለሁ።

ቤት ውስጥ የረዳኝ አንድ ወረቀት ነው። «እያጠናሁ ነው» ማለት ለቤተሰብ መቼም የማያልቅ ነገር ይመስላል፤ በሩ ላይ የተለጠፈው የሳምንቱ ሰንጠረዥ ግን የተዘጋውንም ክፍት የሆነውንም ሰዓት ያሳያል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው። መዝጊያ ቢኖርም፣ ፈተና ቢቀርብም ያን ከሰዓት አልነካውም፤ ልጄ ወረቀቱን ማንበብ ከመቻሏ በፊት የእሷን ሣጥን በቢጫ አቅልማዋለች።

ከፈተናው በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ዕረፉ። ከዚያ ውጤት ሳትጠብቁ የሚቀጥለውን ትምህርት ጀምሩ፤ ውጤቱ የሚመጣው በሚቀጥለው ወር አጋማሽ አካባቢ ስለሆነ የሚጠብቅ ሰው ከ12ቱ ሳምንታት ግማሽ ያህሉ ያልፉበታል። ውድቀት ከሆነ የጀመራችሁትን ምልክት አድርጋችሁ ዝጉትና ወደ ቀድሞው ደብተር ተመለሱ። የእኔ የፐርፎርማንስ ማኔጅመንት ደብተር 46ቱ በመጣበት ሳምንት ገና አልነበረም፤ የመጀመሪያ ገጹን የጻፍኩት በዚያው ቅዳሜ ነው።