ፓስወርዱ ልክ ነው፣ ፎልደሩ ግን አይከፈትም፦ የኤንኤፍኤስና የከርበሮስ ችግርና መፍትሄ

ሀዋሳ ውስጥ በየቢሮውና በየኮሌጁ ሰርቨር የምትንከባከቡ ልጆች የምትጠይቁት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። የሊኑክስ ሰርቨሩ ፎልደር በኤንኤፍኤስ ያጋራል፣ ማንነት የሚያረጋግጠው ከርበሮስ ነው፣ ፓስወርዱም ልክ ነው፤ ግን አልገባም ይላል። ፓስወርድ መቀየር ከመጀመራችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ።

ምልክት፦ ትናንት ይሠራ የነበረው ኮምፒውተር መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ "ፐርሚሽን ዲናይድ" ይላል

መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። ከርበሮስ ሳይነካካ እንደተጫነ ከሆነ ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይቀበልም፤ ይህን የሚያደርገው የቆየ መልእክት ጠልፎ መልሶ የሚልክ ሰው እንዳያታልለው ነው። ኬኢኒት በሚባለው ትእዛዝ ትኬት (ከርበሮስ ማንነታችሁን አረጋግጦ የሚሰጠው ጊዜያዊ ማለፊያ) ስትጠይቁ "ክሎክ ስኪው ቱ ግሬት" (የሰዓት ልዩነቱ በዝቷል) ካላችሁ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃ ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀይሯት። የሰው እጅ ያመጣውን ስህተት ማግኘት ግን ይከብዳል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ 9:00 ሲል ሠራተኛው የተሳሳተ መስሎት 3:00 ያደርገዋል። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው፣ ለከርበሮስ ግን የ6 ሰዓት ልዩነት ነው። ከዚህ የባሰው ታይም ዞኑ ዩቲሲ (ከእኛ በ3 ሰዓት የሚዘገየው የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ እንዳለ ሰዓቱን በእጅ 9:00 ማድረግ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ምንም ስህተት አይታይም፣ ውስጡ ግን 3 ሰዓት ቀድሟል። ስለዚህ የስክሪኑን ሰዓት አትመኑ፤ የሁለቱንም ማሽን ሰዓት በዩቲሲ አውጥታችሁ አስተያዩ።

መፍትሄ፦ ታይም ዞኑን አዲስ አበባ አድርጉ። ሰርቨሩ ላይ ክሮኒ የሚባለውን ሰዓት አስተካካይ ፕሮግራም ጫኑና ክላየንቶቹ (ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኙት ኮምፒውተሮች) ሁሉ ሰዓት ከእሱ ይውሰዱ። ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሰዓት ማደሉን እንዳያቆም በክሮኒ ማዋቀሪያ ውስጥ "ሎካል" የሚለውን መስመር ጨምሩ። ለከርበሮስ ዋናው ነገር ማሽኖቹ እርስ በርስ መስማማታቸው ነው። ሠራተኛውም ሰዓት የመቀየር ፈቃድ አይኑረው።

ምልክት፦ ሰዓቱ ልክ ነው፣ ማውንት (ፎልደሩን ከኮምፒውተሩ ጋር ማገናኘት) ግን እምቢ ይላል

ሰርቨሩን በአይፒ ቁጥር ጠርታችሁት ይሆናል። ከርበሮስ ትኬት የሚቆርጠው ለስም ነው፤ ኪይታብ በሚባለው የቁልፍ ፋይል ውስጥ ያለው ሙሉ ስም፣ ክላየንቱ የሚጠራው ስምና ዲኤንኤስ (ስምን ከአይፒ ቁጥር ጋር የሚያገናኘው አገልግሎት) የሚመልሰው ስም አንድ መሆን አለባቸው። ኪይታቡን እንደገና አውጥታችሁ ከነበረም የቁልፉ ቁጥር ስለተቀየረ አሮጌው ፋይል አይሠራም። ፋየርዎሉ ላይ ፖርት 88 (የከርበሮስ) እና 2049 (የኤንኤፍኤስ) ክፍት መሆናቸውንም እግረ መንገዳችሁን እዩ።

ምልክት፦ ይገባል፣ ግን የሁሉም ፋይል ባለቤት "ኖባዲ" ነው

የዩዘር ስምን ከዩዘር ቁጥር ጋር በሚያዛምደው በአይዲማፕዲ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ያለው የዶሜን ስም ሰርቨሩና ክላየንቱ ላይ ይለያያል። አንድ አድርጉት።

ምልክት፦ ቀን ይሠራል፣ የሌሊት ባክአፕ ይወድቃል

ባክአፑ የሚሠራው በሰው ትኬት ነው፤ የትኬቱ ጊዜ ሲያበቃ በሩ ይዘጋበታል። የራሱን ዩዘርና ኪይታብ ስጡት።

አደራ፣ ተሰላችታችሁ "ሲስ" ወደሚባለው አሠራር አትመለሱ። በሲስ ሰርቨሩ የሚያምነው ክላየንቱ የነገረውን የዩዘር ቁጥር ነው። በገዛ ላፕቶፑ ላይ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ዩዘር) የሆነ ማንም ሰው 1001 ነኝ ብሎ የ1001ን የደመወዝ ፋይል ማንበብ ይችላል። ፎልደሩን 777 ማድረግም (ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ መስጠት) ከዚህ አይሻልም። ቢሯችሁ ዋይፋይ የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ይዘቱንም የሚመሰጥረውን የከርበሮስ አማራጭ፣ ኬአርቢ5ፒን፣ ምረጡ፤ ኬአርቢ5 ብቻውን ማንነት ያረጋግጣል እንጂ የፋይሉን ይዘት አይመሰጥርም።