የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ዋና አሰልጣኝ ለመሆን የሚፈልግ ወጣት ከየት ይጀምር?

የአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሥራ ከሩቅ ሲታይ በጨዋታ ሰዓት ከሜዳው ጠርዝ ቆሞ ትእዛዝ መስጠት ይመስላል። ሥራውን ቀርቦ ያየ ሰው ግን ከሁሉ በፊት መምህርነት መሆኑን፣ በላዩም ምልመላ፣ የሰው አያያዝ፣ የበጀት ድልድልና ከወላጆች ጋር የሚደረግ የማያቋርጥ ንግግር እንደሚደረብበት ይረዳል። ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት ወደዚህ ሙያ ለመግባት ለሚያስቡ፣ በተለይም በአሜሪካ ላደጉ ወይም ለትምህርት ወደዚያ ለሄዱ ወጣቶቻችን፣ እንዲሁም ልጃቸው አሰልጣኝ መሆን እንደሚፈልግ ሲነግራቸው ምን ብለው እንደሚመክሩት ለሚቸገሩ ወላጆች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታዋቂ ተጫዋች መሆን ግዴታ አይደለም

ብዙ ወጣቶች በራሳቸው ላይ በሩን የሚዘጉት ገና ሳይጀምሩ፣ "እኔ በኮሌጅ ደረጃ አልተጫወትኩም" በማለት ነው። ደስቲ ሜይ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሲማር ተጫዋች አልነበረም፤ በአሰልጣኝ ቦብ ናይት ቡድን ውስጥ የተማሪ አገልጋይ፣ እነርሱ "ማናጀር" የሚሉት ነበር። ያ ሰው ከዓመታት የረዳትነት ሥራ በኋላ በ2018 የፍሎሪዳ አትላንቲክ ዋና አሰልጣኝ ሆነ፤ በ2023 ያንን ብዙም የማይታወቅ ቡድን እስከ ግማሽ ፍጻሜ አደረሰው፤ በ2024 ደግሞ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ወሰደው። ብራድ ስቲቨንስም ኢንዲያናፖሊስ በሚገኘው ኢላይ ሊሊ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ጥሩ ሥራ ነበረው፤ በ2000 ሥራውን ትቶ፣ ያለ ደመወዝ ለማገልገል ጭምር ተዘጋጅቶ፣ ወደ በትለር ዩኒቨርሲቲ ቡድን ገባ። ከሰባት ዓመት በኋላ በ30 ዓመቱ ዋና አሰልጣኝ ሆነ፤ በ2010 እና በ2011 በተከታታይ ቡድኑን ለብሔራዊው የፍጻሜ ጨዋታ አበቃ።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ኮሌጅ እንደገቡ የቡድኑ ማናጀር ለመሆን መጠየቅ ነው። ማናጀር ኳስ ያቀብላል፣ ላብ የነካውን ወለል ይጠርጋል፣ ፎጣና ውኃ ያዘጋጃል፣ ተጫዋቹ ለብቻው ሲወረውር ኳሱን ይመልስለታል፣ ልምምዱን በቪዲዮ ይቀርጻል። ሥራው ዝቅ ያለ ቢመስልም፣ አሰልጣኞች ሲያቅዱና ሲከራከሩ በየቀኑ የሚያይ ተማሪ በመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ያገኛል። ጥያቄውን ለዋናው አሰልጣኝ ሳይሆን የቡድኑን የዕለት ተዕለት ሥራ ለሚመራው የኦፕሬሽን ኃላፊ ይጻፉ፤ ትምህርት ከመጀመሩ ሁለትና ሦስት ወር አስቀድመው ይጻፉ፤ መልስ ካጡ በአካል ይሂዱ። በዋሽንግተን አካባቢ ያደገ ወጣት ጆርጅታውን፣ ሀዋርድ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ፣ ሜሪላንድና በ2006 በጂም ላራኛጋ መሪነት ግማሽ ፍጻሜ የደረሰው የፌርፋክሱ ጆርጅ ሜሰን በአጭር ርቀት ላይ አሉለት። ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ የመጣ ወጣት ደግሞ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ስለሚፈቀድለት ይህ በር ለእርሱም ክፍት ነው፤ ሆኖም ማንኛውንም ሥራ ከመቀበሉ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ አገር ተማሪዎች ቢሮ ማማከር አለበት።

ከዲግሪ በኋላ የሚመጡት ዓመታት

ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የተለመደው መንገድ ሁለተኛ ዲግሪ እየተማሩ በተመራቂ ረዳትነት መሥራት ነው፤ ክፍያው አነስተኛ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የትምህርት ወጪን ይሸፍናል። ከዚያ የቪዲዮ ኃላፊነት፣ የኦፕሬሽን ኃላፊነትና ረዳት አሰልጣኝነት ይከተላሉ። ሌላው መንገድ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይም በሁለት ዓመት ኮሌጅ ቡድን መጀመር ነው። እኔ ሁለተኛውን መንገድ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ እደግፈዋለሁ፤ በትልቅ ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ረዳት ሆኖ ዓመታት ከመቆየት ይልቅ፣ በትንሽ ትምህርት ቤት የራስን ቡድን ይዞ ማሸነፍንም መሸነፍንም በራስ ስም መሸከም ሰውን ቶሎ ያበስላል።

ቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ በ1974 የሴቶች ቡድኑን ለፓት ሰሚት ሲሰጣት 22 ዓመቷ ነበር። የወር ደመወዟ 250 ዶላር ሲሆን፣ የተጫዋቾቹን መለያ ራሷ ታጥብ፣ መኪናውንም ራሷ ትነዳ ነበር። በ2012 ስትሰናበት 1,098 ጨዋታዎችን አሸንፋ 8 የብሔራዊ ሻምፒዮና ዋንጫዎችን ሰብስባ ነበር። ይህን የማነሳው የገንዘብን ነገር በግልጽ ለመናገር ነው፤ በከፍተኛው ደረጃ ያሉ ዋና አሰልጣኞች በዓመት ሚሊዮኖች ያገኛሉ፣ እዚያ የሚደርሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። ከፍተኛው የኮሌጅ ውድድር ደረጃ፣ አንደኛ ዲቪዥን የሚባለው፣ ከ350 የሚበልጡ ቡድኖች ቢኖሩትም እያንዳንዱ ያለው አንድ ዋና አሰልጣኝ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስትና ስድስት ዓመታት በቁጠባ ለመኖር ከቤተሰብ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ከኋላ ጸጸት ያድናል።

ማስተማርን እንደ ሙያ መያዝ

በውድድር ወቅት አንድ ቡድን በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ደግሞ ከ4 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድም፤ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀንም ግዴታ ነው። ጊዜው በሕግ የተወሰነ በመሆኑ ልምምድን በደቂቃ ከፋፍሎ ማቀድ የአሰልጣኝነት ዋና ችሎታ ሆኗል። ሎስ አንጀለስ የሚገኘው የዩ ሲ ኤል ኤ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ጆን ውደን እያንዳንዱን ልምምድ ከረዳቶቹ ጋር ተመካክሮ በትንንሽ ካርዶች ላይ እየጻፈ ወደ ሜዳ ይገባ ነበር። በየዓመቱ የመጀመሪያው ትምህርቱ ካልሲና ጫማ እንዴት እንደሚደረጉ ነበር፤ የተጨማደደ ካልሲ እግርን ያቆስላል፣ የቆሰለ እግር ደግሞ ልምምድ ያስቀራል። ይህ ሰው በ1948 ሥራውን ይዞ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ ያነሳው በ1964፣ በ16ኛው የውድድር ዘመኑ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከ 1975 ድረስ በጠቅላላው 10 ዋንጫዎችን ወሰደ።

ገና ማናጀር ሳሉ ደብተር ይያዙ። በእያንዳንዱ ልምምድ የትኛው መልመጃ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ አሰልጣኙ ምን ለማስተማር እንዳሰበና ተጫዋቾቹ በትክክል ምን እንደተማሩ ይጻፉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው እርስዎን አሰልጣኝ የሚያደርገው። ቀጥሎ የተጋጣሚ ጥናት ማዘጋጀትን ይልመዱ። የተጋጣሚውን የቅርብ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ጨዋታዎች ይመልከቱ፤ ቡድኑ ከዕረፍት ጥሪ በኋላ የሚመርጠውን ጨዋታ፣ ኳስ አቀባዩ በየትኛው እጁ እንደሚነዳ፣ ረጃጅሞቹ ተጫዋቾች ሪባውንድ (ሳይገባ ቀርቶ የተመለሰ ኳስ) ለመያዝ መቼ እንደሚዘገዩ ይመዝግቡ። ከዚያም የሰበሰቡትን ሁሉ ወደ አንድ ገጽ ያሳጥሩት። አስር ገጽ ጥናት አዘጋጁን ትጉ ያስመስለዋል እንጂ፣ በሞላ አዳራሽ ጩኸት ውስጥ ያለ የ19 ዓመት ልጅ ከዚያ ሁሉ የሚያስታውሰው ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱን መርጦ የሚሰጥ ረዳት በዋናው አሰልጣኝ ዘንድ ቶሎ ይታመናል።

ምልመላ፣ ዝውውርና ገንዘብ

ጥሩ ተጫዋች የማያመጣ ረዳት ምንም ያህል ዕውቀት ቢኖረው ዕድገቱ ይዘገያል። የኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪው ድርጅት ኤን ሲ ኤ ኤ አሰልጣኝ ተጫዋችን መቼ ማግኘት፣ መቼ ማየት ብቻ፣ መቼ ደግሞ ፈጽሞ አለመቅረብ እንዳለበት በቀን መቁጠሪያ ወስኗል፤ ከግቢ ውጭ የሚመለምል አሰልጣኝም በየዓመቱ የሕግ ፈተና ያልፋል። ከ2023 ጀምሮ የአንደኛ ዲቪዥን ቡድን እስከ አምስት ረዳት አሰልጣኞች መያዝ ቢችልም፣ ደንቡ ሲወጣ ከግቢ ወጥተው መመልመል የተፈቀደላቸው ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሥራ ሲቀበሉ ከግቢ ወጥተው መመልመል የሚፈቀድልዎ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ።

የምልመላ ጉብኝት በአገራችን ሽማግሌ ልኮ ልጅ ከመጠየቅ ብዙ አይለይም። አሰልጣኙ የሰው ቤት ገብቶ፣ ከእናትና ከአባት ፊት ተቀምጦ፣ "ልጃችሁን ስጡኝ፣ እጠብቀዋለሁ" ይላል። ትልቅን አክብሮ መነሳት፣ የቀረበለትን አለመናቅ፣ ሲናገሩ አለማቋረጥ ከልጅነታችን የተማርናቸው ነገሮች ናቸውና ለዚህ ሥራ እውነተኛ ስንቅ ይሆናሉ። ቃል ሲሰጡ ግን ይጠንቀቁ፤ "በመጀመሪያው ዓመት ትሰለፋለህ" ብሎ የሰጡት ቃል ካልተፈጸመ፣ ወሬው በዚያ ከተማ ላሉ አሰልጣኞች ሁሉ ይደርሳል፣ ወደዚያ ከተማ መመለስም ከባድ ይሆናል። ተጫዋቹንም ሲያዩ ነጥብ ሲያስቆጥር ብቻ አይዩት፤ ተቀይሮ ሲወጣ ወንበር ላይ እንዴት እንደሚቀመጥና ጓደኛው ሲያስቆጥር ፊቱ ምን እንደሚመስል ይመልከቱ።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ሥራውን ከሥሩ ቀይረውታል። በ2018 ዩኒቨርሲቲ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ስማቸውን የሚያስገቡበት የዝውውር መዝገብ ተከፈተ፤ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው፤ በ2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ለሁሉም የስፖርት ዓይነቶች በጥቅሉ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ቻሉ። በዚህ ምክንያት ዛሬ ዋና አሰልጣኝ ቡድኑን በየፀደዩ እንደ አዲስ ሊገነባ ይገደዳል። በጀት ማንበብና ውል መረዳት ከመከላከል ስልት ባልተናነሰ አስፈላጊ ስለሆነ፣ ወጣቱ ኮሌጅ ሳለ አንድ ሁለት የሒሳብ አያያዝና የውል ሕግ ኮርሶችን ቢወስድ አጥብቄ እመክራለሁ።

ወንበሩን መጠየቅና መያዝ

ሹመቶች በብዛት የሚፈጸሙት የብሔራዊው ውድድር በሚካሄድበት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። በግማሽ ፍጻሜው ሰሞን የአሰልጣኞች ማኅበር በዚያው ከተማ ጉባኤውን ስለሚያካሂድ፣ ሥራ ፈላጊውም ቀጣሪውም አንድ ሆቴል ውስጥ ይገናኛል። እንዲህም ሆኖ ሥራ የሚገኘው በዚያ ሰሞን በሚደረግ ትውውቅ ሳይሆን፣ ያገለገሉት አሰልጣኝ ለስፖርት ዳይሬክተሩ፣ የዩኒቨርሲቲውን ስፖርት ለሚመራውና አሰልጣኞችን ለሚቀጥረው ኃላፊ፣ ደውሎ በሚሰጠው ምስክርነት ነው። ለቃለ መጠይቁ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይዘው ይግቡ፦ የሚቀጥሯቸውን ረዳቶች ዝርዝር፣ የመጀመሪያውን ወር ዕቅድና ተጫዋቾቹን ለምረቃ የሚያበቁበትን መንገድ። የመጨረሻው እንደ ጌጥ የሚታይ አይደለም። በ2011 ሻምፒዮን የነበረው የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን የትምህርት ውጤቱ ከሚፈለገው በታች በመሆኑ ከ2013 ውድድር ታግዷል። የጆርጅታውኑ ጆን ቶምሰን፣ በ1984 ብሔራዊውን ዋንጫ ያነሳው የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ፣ አየር የወጣለት ኳስ ቢሮው ውስጥ አስቀምጦ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ኳሱ ሲተነፍስ ምን ይዘው እንደሚቀሩ እንዲያስቡ ነው።

ውሉ ሲቀርብልዎት ከራስዎ ደመወዝ በፊት ለረዳቶች የተመደበውን ገንዘብ ይጠይቁ፤ ጥሩ ረዳት የማያስቀጥር ውል ከፍተኛ ደመወዝ ቢይዝም መጥፎ ውል ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ሊያሰናብቱዎት እንደሚችሉ፣ ቢያሰናብቱዎት የሚከፍሉትን፣ እርስዎ ቢለቁ የሚከፍሉትን በጠበቃ ያስመርምሩ። ከሁሉ በላይ የስፖርት ዳይሬክተሩን ማንነት ያጥኑ። ማይክ ሺሼቭስኪ በ1980 የዱክ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሆኖ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 38 አሸንፎ 47 ተሸንፎ ነበር፤ ደጋፊዎች እንዲባረር ሲጠይቁ ዳይሬክተሩ ቶም በተርስ ግን ከጎኑ ቆመ። ያ አሰልጣኝ በ2022 ጡረታ ሲወጣ በአጠቃላይ 1,202 ድሎችና 5 ዋንጫዎች ነበሩት። በሌላ ዳይሬክተር ሥር ቢሆን ኖሮ ምናልባት በሦስተኛው ዓመት ተሰናብቶ ስሙም ባልታወሰ ነበር።

ከተሾሙ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሳምንት በጥድፊያ ያልፋል። አሰልጣኝ ሲቀየር ተጫዋቾች የመልቀቅ ተጨማሪ ዕድል ስለሚያገኙ፣ የጋዜጣዊ መግለጫው ዕለት ሳይመሽ እያንዳንዱን ተጫዋች ለብቻ ያነጋግሩ፤ በማግስቱ ለወላጆቻቸው ይደውሉ። ለመቆየት የሚያመነታውን ለማሳመን ከመቸኮልዎ በፊት ለምን እንደሚያመነታ ይስሙት። ከረዳቶች መካከል አንዱን እርስዎን በግልጽ የሚቃወም፣ ዕድሜውም ከእርስዎ ከፍ ያለ፣ ቀደም ሲል ራሱ ዋና አሰልጣኝ የነበረ ሰው ቢያደርጉት ይመረጣል። የቀድሞውን ቡድን ማናጀሮችም ሰብስበው ያነጋግሯቸው፤ የትኛው ተጫዋች ማታ ማታ ብቻውን መጥቶ እንደሚለማመድና የትኛው ክፍል እንደሚቀር በግቢው ውስጥ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።