በአሮጌ የመንግሥት ደብዳቤ የተመዘገበን «ከሰማይ የወደቀ ነገር» እንዴት መመርመር ይቻላል

በድሬዳዋ ወይም በሐረር አካባቢ ከነበረ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ፣ «ከሰማይ የወደቀ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ተገኝቷል» የሚል አሮጌ ደብዳቤ እጅዎ ከገባ ወደ ቦታው ለመሄድ አይቸኩሉ። የምርመራው ዋና ሥራ የሚሠራው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ቀኑና ሰዓቱ በትክክል ካልታወቀ በመስክ የሚገኘውን ብረት ወይም ድንጋይ ከደብዳቤው ጋር ማገናኘት አይቻልም።

በመጀመሪያ ደብዳቤውን ከራስጌው እስከ ግርጌው፣ ማኅተሙንና በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈውን ጭምር ይገልብጡ። በተለይ «ግልባጭ» ከሚለው በታች የተዘረዘሩትን መሥሪያ ቤቶች ልብ ይበሉ፤ ዋናው ቢጠፋ እንኳ ግልባጩ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊት ወይም በአገር ግዛት ሚኒስቴር ፋይል ውስጥ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ቀደም ሲል በሌላ ቁጥር ለተላከ ጥያቄ መልስ ከሆነ ያንን ቁጥር ይዘው ወደ ኋላ ይሂዱ። አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ለመመራመር የትብብር ደብዳቤ ይዞ መቅረብ ሥራውን ያቀላል። ጉዳዩ የ1950ዎቹ ወይም የ1960ዎቹ ከሆነ የውጭ አገር ሰነዶችንም መመልከት ይገባል፤ አሜሪካ የወደቁ የጠፈር ቁሶችን መረጃ «ሙን ደስት» በሚል ስያሜ በየአገሩ ካሉ ኤምባሲዎቿ ትሰበስብ ነበር፣ ከእነዚህ ቴሌግራሞችም ብዙዎቹ ዛሬ ለሕዝብ ክፍት ናቸው።

ቀጥሎ ቀኑን ወደ ዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይለውጡ። በእኔ እምነት ብዙ ምርመራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ደብዳቤው «ለጥር 10 ቀን 1962 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ቢል፣ ይህ በአውሮፓ አቆጣጠር ጥር 18 ቀን 1970 ከንጋቱ በፊት 2 ሰዓት (02:00) ነው። የሳተላይት መዝገቦች የሚጠቀሙበት የግሪንዊች ሰዓት ደግሞ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚል፣ በመዝገቡ ላይ የሚፈለገው ጥር 17 ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ምሽት 11 ሰዓት (23:00) ይሆናል። «አጥቢያ» የሚለው ቃል ከሌለ ሌሊቱ የቀኑ መግቢያ ይሁን መውጫ ስለማይታወቅ ሁለቱንም ሌሊቶች ይፈልጉ። ከመስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. በፊት የተጻፈ ከሆነ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ገና ስላልመጠቀች የጠፈር መንኮራኩር ስብርባሪ የመሆን ዕድሉ ከወዲሁ ይዘጋል።

የቦታውን ስም በዘመኑ ካርታ ላይ ይፈልጉ፤ የአውራጃና የወረዳ ወሰን ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። አዛውንቶችን በሚናገሩት ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ፣ አንድ በአንድ ያነጋግሩ። «ሳተላይቱ የወደቀው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ መስጠት ነው፤ በዚያ ጊዜ በሰማይ የታየ ወይም የተሰማ ነገር እንደነበረ ይጠይቁና ሲወድቅ በዓይኑ ያየውን፣ ወድቆ ካገኘውና ከሰው ከሰማው ለይተው ይመዝግቡ። ዓመቱ ካልታወሳቸው «ከሶማሌ ጦርነት በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ማለት ይረዳል።

ይኸው ጦርነት ሌላም ነገር ያስገድዳል። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ የውጊያ ቀጣና ስለነበረች ከሰማይ ወደቀ የተባለው ነገር ያልፈነዳ ቦምብ ሊሆን ይችላል። በመሬት ውስጥ የተቀበረ ወይም ክንፍ ያለው ብረት ካዩ ሳይነኩት ተመልሰው ለፖሊስ ያሳውቁ። የጠፈር ስብርባሪ የሚመስለውንም በእጅ አይንኩ፤ በጥር 1970 ዓ.ም. በካናዳ የወደቀችው የሶቪየት ሳተላይት ኮስሞስ 954 የኑክሌር ማመንጫ ተሸክማ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ ማኩዌኒ ላይ የወደቀው 500 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የብረት ቀለበት የሚያሳየው ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር በእኛም አካባቢ ሊያጋጥም እንደሚችል ነው።

ድንጋይ ከሆነና አደጋ እንደሌለው ከተረጋገጠ መጠነ እፍጋቱን (ክብደቱ ለይዘቱ ሲካፈል የሚገኘውን) በወጥ ቤት ሚዛን መለካት ይቻላል። መጀመሪያ በደረቁ ይመዝኑት። ከዚያ ውኃ የያዘ ዕቃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይመልሱና ድንጋዩን በክር አንጠልጥለው፣ የዕቃውን ታችና ጎን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ይክተቱት፤ ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የድንጋዩ ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። በደረቁ 640 ግራም የመዘነ ድንጋይ በውኃ ውስጥ 180 ቢያሳይ መጠነ እፍጋቱ 3.56 ገደማ ይሆናል። በአካባቢው የሚበዛው የኖራ ድንጋይ 2.7 አካባቢ፣ ብዙዎቹ ድንጋያማ ሚቲዮራይቶች (ከጠፈር የወደቁ የተፈጥሮ ቁሶች) ከ3.2 እስከ 3.7፣ ብረታማዎቹ 8 ገደማ ናቸው። በማግኔት መሳቡ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የባቡር ጥገና ወርክሾፕ ለብዙ ዘመን በሠራባት ድሬዳዋ የብረት ዝቃጭ ማግኘት አያስገርምም። ውስጡ በአረፋ ቀዳዳ የተሞላ ከሆነ ዝቃጭ ወይም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንደሆነ ይጠርጥሩ። የኒኬል መጠኑን የሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ እስኪደረግ ድረስ «ሚቲዮራይት» ብለው አይጻፉ።

በመጨረሻ ፎቶውን፣ የጂፒኤስ ነጥቡን፣ የምስክሮቹን ቃልና የደብዳቤውን ቅጂ በአንድ ፋይል አድርገው ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ያቅርቡ። ቁሱ የጠፈር መንኮራኩር አካል ሆኖ ከተገኘ በ1967 እ.ኤ.አ. በወጣው የጠፈር ስምምነት መሠረት ወደ ምድር በመውደቁ ባለቤትነቱ ስለማይለወጥ፣ ቆርጦ መሸጥም ሆነ ቤት ወስዶ ማስቀመጥ አይገባም።