የኬሚካል አደጋ ዕቅድ ስታወጡ የምትሳሳቱት እዚህ ጋ ነው

የኬሚካል አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የጎረቤት ነው። እሳት አደጋው ገና መንገድ ላይ ነው፣ ባለሙያ የተባለው ሰው ስልኩን አላነሳም፣ ጋዙ ግን ማንንም አይጠብቅም። የአካባቢ ዕቅድ ለዚህች ግማሽ ሰዓት ካልሠራ ለምንም አይሠራም። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ዕቅዶች ግን የተጻፉት ለአለቃ ነው፤ ወፍራም፣ ማኅተም ያረፈባቸው፣ ማንም ገልጦ ያላያቸው። ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«እኛ ሰፈር ፋብሪካ የለም» ማለት

ይቺ ሁሌም ቀድማ ትመጣለች። ኬሚካል ሲባል ትዝ የሚለን ጭስ የሚተፋ ትልቅ ፋብሪካ ብቻ ነው። ውኃ ማጣሪያው ውስጥ የተደረደሩት የክሎሪን ሲሊንደሮችስ? ሥጋና አትክልት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ መጋዘን የሚሠራበት አሞኒያስ? የፀረ ተባይ መጋዘኑ፣ ማደያው፣ መዋኛ ገንዳው፣ የትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ቁም ሳጥንስ? ደግሞ ቆሞ የማይጠብቀውም አለ፤ በመንገድና በሐዲድ የሚያልፈው። በ2005 አሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ግራኒትቪል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የሐዲድ መቀየሪያ ሳይመለስ በመቅረቱ አንድ የጭነት ባቡር ሌሊት ላይ ከቆመ ባቡር ጋር ተላተመ። ክሎሪን የጫነ ፉርጎ ተቀደደ። 9 ሰዎች ሞቱ። ክሎሪኑ እኮ አላፊ መንገደኛ ነበር።

ስለዚህ ደብተር ይዛችሁ ዙሩ። የኬሚካሉን ስም፣ መጠኑን፣ በምን እንደተቀመጠ፣ ሌሊት ቦታው ላይ ማን እንደሚያድር ጻፉ። መኪና ላይ ለሚያልፈው ደግሞ ኬሚካል የጫነ መኪና ላይ የሚለጠፈው ብርቱካናማ ሰሌዳ ላይ ያለችውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ማንበብ ይለመድ። 1017 ክሎሪን ነው፣ 1005 አሞኒያ፣ 1203 ቤንዚን። ከሩቅ ሆኖ ቁጥሩን አንብቦ በስልክ የሚናገር ሰው ለእሳት አደጋው ትልቅ ውለታ ነው የሚውልለት። ከሩቅ ሆኖ ነው ያልኩት፤ ቁጥሩ አልታይ ካለ ተጠግቶ ለማየት መሞከር የለም።

ዝርዝሩን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ

ያወቀው ሰው ሌላ፣ የሚሄደው ሰው ሌላ ከሆነ ማወቁ ምን ይሠራል? ሊባኖስ፣ ቤይሩት ወደብ ላይ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት (ሊፈነዳ የሚችል የማዳበሪያ ኬሚካል) ለዓመታት መቀመጡን የሚያውቁ ባለሥልጣናት ነበሩ፤ ደብዳቤም ተጻጽፈውበታል። ነሐሴ 2020 መጋዘኑ እሳት ሲይዝ የተላኩት 10 የእሳት አደጋ ብርጌድ አባላት ግን ውስጡ ምን እንዳለ አልተነገራቸውም። አንዳቸውም አልተመለሱም። በ2013 ዌስት በምትባለው የቴክሳስ ከተማ የማዳበሪያ መጋዘን ሲፈነዳም ከሞቱት 15 ሰዎች 12ቱ ለእሳቱ የደረሱ ናቸው። እዚያ ደግሞ ትምህርት ቤትና የአረጋውያን መጦሪያ መጋዘኑ አጠገብ ነበሩ። ማን ምን አጠገብ እንደሚሠራ መጠየቅም የዕቅዱ አካል ነው፤ ከፍንዳታው በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም።

እሳት አደጋ የሚመጣው ውኃ ይዞ መሆኑንም አትርሱ። ካልሲየም ካርባይድ ውኃ ሲነካው የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ የእህል ተባይ ለመግደል የሚውለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ደግሞ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ይሄ ከቧንቧው መከፈት በፊት መነገር አለበት።

ለሁሉም አደጋ «ሩጡ» ብሎ መጻፍ

ትልቁ ስህተት እሱ ይመስለኛል። በ1984 ቦፓል፣ ሕንድ ውስጥ፣ 40 ቶን ገደማ ሜቲል አይሶሳያኔት የሚባል መርዘኛ ኬሚካል በሌሊት ከፋብሪካ ሲያፈተልክ ብዙ ሰው ከእንቅልፉ ባኖ ወጥቶ ሮጠ፤ የሮጠው ግን ጋዙ ወደሚሄድበት ነበር። ነፋስ ያላየ ሩጫ እንዲህ ነው። መውጣት ካለባችሁ ነፋሱን ወደ ጎን አቋርጣችሁ ከደመናው መንገድ ውጡ፣ ቀጥሎም ወደ ላይ፣ ወደ ከፍታ። ክሎሪን ከአየር 2.5 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ቦይ ለቦይ፣ ምድር ቤት ለምድር ቤት ነው የሚሄደው። «አሞኒያ ቀላል ነው፣ ወደ ላይ ይበናል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግማሹን ብቻ እመኑት፤ ከታንከር ድንገት ሲወጣ ቀዝቃዛ ጉም ሠርቶ መሬት ለመሬት ሊሳብ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚሻለው ቤት መግባት ነው። ግን «ቤት ግቡ» ብሎ መተውም ሌላ ስህተት ነው፤ ሰው ገብቶ መስኮት ከፍቶ ማየት ይጀምራላ! እንዲህ ብላችሁ ጻፉት፦ በርና መስኮት ዝጉ፣ ፋንና ኤሲ አጥፉ፣ መስኮት የሚያንሰውን ክፍል ምረጡ፣ ፎቅ ካለ ላይ ውጡ፣ ፎጣ አርጥባችሁ ከበሩ ሥር ወትፉ፣ ቀዳዳውን በፕላስተር ለጥፉ። ሰው የሚዘነጋት ደግሞ አለች። ጋዝ ቀስ እያለ ቤት ይገባል፤ ደመናው ካለፈ በኋላ ውስጡ ከውጪው የባሰ ሊሆን ይችላል። «አልፏል» ሲባል መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ ወደ ውጪ መውጣት ነው እንጂ እፎይ ብሎ አልጋ ላይ ጋደም ማለት የለም። የሚቀጣጠል ጋዝ ወይም የሚፈነዳ ነገር ከሆነ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፤ መብራት ሳይነኩ፣ መኪና ሳያስነሱ ርቆ መሄድ ነው። ለዚህ ነው አንድ መመሪያ ለሁሉም የማይሆነው።

«ሕዝቡ ይደናገጣል» ብሎ ዝም ማለት

በ1976 ጣሊያን ሴቬዞ ላይ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ያለበት ደመና ከፋብሪካ የወጣው ሐምሌ 10 ነው። የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ከቤታቸው የወጡት ሐምሌ 26። በመሃል እንስሳት ሞተዋል፣ የልጆች ቆዳ ቆስሏል። ቦፓል ላይም ለሕዝብ የሚጮኸው ሳይረን ጥቂት ጮኾ እንዲጠፋ ተደርጓል። ሰውን የሚያሳብደው ዝምታውና አሉባልታው ነው። ምን እንደወጣ፣ የትኛው ሰፈር ምን ያድርግ፣ ቀጣዩ መረጃ በስንት ሰዓት ይመጣል፤ ይቺ ሦስት መስመር አስቀድማ ተጽፋ ትቀመጥ። ሳይረን የማይሰማውን፣ ስልክ የሌለውን፣ አልጋ ላይ የዋለውን ሰው ማን በሩን አንኳኩቶ እንደሚነግረውም በስም ይጻፍ። «የሚመለከተው አካል» የሚባል ሰው በር ሲያንኳኳ አይቼ አላውቅም።

ሐኪም ቤቱን መርሳት

የ1995ቱ የቶኪዮ የሳሪን (ነርቭ የሚመታ መርዝ) ጥቃት የፋብሪካ አደጋ አልነበረም፣ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ይሆናል። አንድ ሆስፒታል ብቻ በዚያ ቀን ከ600 በላይ ሰው ደረሰበት፤ አብዛኛው በአምቡላንስ ሳይሆን በእግሩ፣ በታክሲና ባገኘው መኪና ነው የመጣው። ከታማሚዎቹ ልብስ በወጣው ትነት የሆስፒታሉ ሠራተኞችም ታመሙ። ዕቅዱ «ተጎጂዎች በቦታው ታጥበው ይላካሉ» ካለ ግማሹ ሰው ሳይታጠብ መጥቷል ማለት ነው። በሆስፒታሉ በር ላይ ውኃ፣ መጋረጃ፣ መቀየሪያ ልብስና የወለቀው ልብስ የሚታሰርበት ላስቲክ ይኑር። ልብስ ማውለቅ ብቻውን አብዛኛውን ብክለት ያስወግዳል።

አጠር አድርጌ ደግሞ፦ ጉድጓድ ወይም ታንከር ውስጥ የወደቀን ሰው ለማውጣት ባዶ እጅ መግባት። አንዱ ይወድቃል፣ ወንድሙ ይገባል፣ እሱም ይወድቃል። የጨርቅ ማስክ ጋዝ አያስቀርም። ይሄንን ለወጣቶቹ ደጋግማችሁ ንገሯቸው፤ ቀድመው የሚገቡት እነሱ ናቸው።

ልምምዱን ሁሌ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ማድረግ

አንድ ጊዜ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን በምናብ ልምምድ ስናደርግ፣ አንዷ ሴትዮ «እስቲ በእውነት እንደውል» አለችና ዕቅዱ ላይ ካሉት ቁጥሮች የመጀመሪያውን መታች። ያነሱት ሰውዬ ጨዋ ነበሩ፤ «ልጄ፣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ 2 ዓመቴ» አሉ። ሁለተኛው አይሠራም። ሦስተኛው የቢሮ ስልክ ነው፣ ከ11 ሰዓት በኋላ የሚያነሳው የለም። ከዚያ በኋላ ልምምዱን ቅዳሜ ሌሊት አደረግነው፣ ብዙ ተነጫንጨን። መጋዘኑ በር ላይ ስንደርስ ያገኘነው አንድ የሌሊት ጥበቃ ብቻ ነበር። ቁልፉ እሱ ጋ ነው፣ ጋዝ ካፈተለከ ቀድሞ የሚሸተውም እሱን ነው። ዕቅዱን ከፊት እስከ ኋላ ገለጥን። ስሙ የለበትም።