ኢትዮጵያን ከጎረቤቶቿ ጋር ስታወዳድሩ እንዳትሸወዱ

ጅማ ቡና ላይ ቁጭ ብለን "ኬንያ ትበልጣለች"፣ "ኧረ እኛ ነን" የሚለው ክርክር አያልቅም እኮ፣ ስለዚህ እንዴት እንደሚወዳደር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጠቅላላውን ጂዲፒ (አገሪቱ በዓመት ያመረተችው ዕቃና አገልግሎት ዋጋ) ለሕዝብ ቁጥር አካፍሉት፣ ጅቡቲ ያላት ወደ 1 ሚሊዮን ሰው ነው፣ እኛ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነን፣ ጠቅላላው ብቻውን ስለ ሰዉ ኑሮ ምንም አይነግራችሁም።

ቀጥሎ ዶላሩ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል 1 ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ፤ በዶላር ሲሰላ ኢኮኖሚው የቀነሰ ይመስላል፣ ግን ጅማ መርካቶ የነበረው የጤፍና የቡና መጠን በአንድ ሌሊት በግማሽ አልቀነሰም አይደል? (ዋጋውን ተዉት፣ አይወራ)። ለዚህ ነው በመግዛት አቅም የተስተካከለውን፣ ማለትም ገንዘቡ በየአገሩ ምን ያህል ዕቃ እንደሚገዛ ታይቶ የተሰላውን፣ ፒፒፒ የሚሉትን፣ ማየት ያለባችሁ።

ገቢ ብቻውን ደግሞ አይበቃም፣ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም (ዩኤንዲፒ) በፈረንጆቹ ከ1990 ጀምሮ የሚያወጣው የሰው ልማት ኢንዴክስ ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን ያጣምራል፣ እኔ ግን ሦስቱንም ለየብቻ ነው የማየው፣ አማካይ ብዙ ነገር ይደብቃላ። የምታወዳድሯቸው ቁጥሮች የተሰሉበትን ዓመትም አመሳስሉ። ደግሞ የኛ የመጨረሻ ቆጠራ 1999 ዓ.ም. ነው፣ የኬንያ በፈረንጆቹ 2019፣ ስለዚህ የነፍስ ወከፍ ቁጥራችን በግምት ሕዝብ ላይ የተሰላ ነው።