ቀይ የለበሰ አሸዋና ሌሎች የጨው ውሃ አኳሪየም ጣጣዎች

የአኳሪየማችሁን (የመስታወት ዓሳ ገንዳችሁን) ውሃ ጨዋማነት፣ ሙቀትና አሞኒያ ለክታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ካልለካችሁ ለኩና ተመለሱ።

አሸዋው ላይ ቀይ ሽፋን

በብዛት የምጠራበት ችግር ይሄ ነው። ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ቀይ ሽፋን አሸዋው ላይ ይነጠፋል። ሲነኩት ያሟልጫል፤ ጠርዙን ሲይዙት እንደ እርጥብ ጨርቅ ተገፎ ይነሳል። ከሥሩ ትንንሽ የአየር አረፋዎች ይዟል። ብዙ ሰው አልጌ መስሎት አልጌ የሚበላ ቀንድ አውጣ ይገዛል፤ ቀንድ አውጣው ግን አይነካውም። ይሄ ሳያኖባክቴሪያ ነው፣ ከብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ።

መንስኤው ያለው ከሽፋኑ ሥር፣ አሸዋው ውስጥ ነው። የዓሳ ኩስና የተረፈ ምግብ ውሃው በማይንቀሳቀስበት ጥግ ይዘቅጣል፣ ቀስ እያለ ወደ አሸዋው ይሰርጋል፣ እዚያ ይበሰብስና ሽፋኑ የሚመገበውን ፎስፌት ይለቃል። ሽፋኑ የተለቀቀውን እዚያው ስለሚበላው ውሃውን ስትለኩ ቁጥሩ ንጹሕ ይመስላል። «ፎስፌቴ እኮ ዜሮ ነው» ብለው የሚከራከሩኝ ሰዎች አሸዋቸው ሲነካ ሌላ ጉድ ነው የሚወጣው። መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ውሰዱ፣ አፉን ሽፋኑ ካለበት ቦታ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩና ሳቡ፣ ከዚያ ነጭ ሳህን ላይ ግፉት። ቡናማ ጭቃ ከወጣ መልሱን አገኛችሁ።

እባካችሁ ሽፋኑን ወደሚገድለው ዱቄት መድኃኒት አትሩጡ። አንድ ሰው ማታ ጨምሮት ተኛ። ጠዋት ስደርስ ዓሶቹ ሁሉ ውሃው አናት ላይ አፋቸውን ከፍተው አየር ይፈልጋሉ። ሽፋኑ በአንድ ጊዜ ሲሞት መበስበሱ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ሌሊት ደግሞ ብርሃን ስለሌለ የሚተካው የለም። አየር ፓምፕ አስገብተን የተወሰኑትን አተረፍን። የሚያናድደው ደግሞ ቆሻሻው እዚያው ስለቀረ ቀዩ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። ሌላው ደግሞ ተበሳጭቶ ለዓመታት ያልተነካ አሸዋ በአንድ ቀን ገለበጠው። አሞኒያው ወጣ፣ ኮራሎቹ ተዘጉ፣ ዓሶች ሞቱ። ያረጀ አሸዋ በአንድ ቀን አይታጠብም፤ ይሄን ስንቴ እንደተናገርኩ አላውቅም፣ አሁንም እናገራለሁ።

መፍትሄው ትዕግሥት ይፈልጋል። ፓምፖቹን አጥፉና ሽፋኑን በቱቦ ስባችሁ አውጡት፤ በእጅ በትናችሁ አትተዉት። ቀጥሎ ወለሉን በሐሳባችሁ አራት ቦታ ክፈሉትና ውሃ በቀየራችሁ ቁጥር አንዱን ሩብ ብቻ አጽዱ። ሰፊ አፍ ያለውን ማጽጃ ቱቦ አሸዋው ውስጥ አስገቡ። አሸዋው ቱቦው ውስጥ ተነስቶ ይገላበጣል፣ ቆሻሻው ከውሃው ጋር ይሄዳል። አሸዋው ወደ ላይኛው ጫፍ ሲጠጋ ውሃው የሚወጣበትን ጎማ በጣታችሁ ቆንጠጥ አድርጉት፤ አሸዋው ተመልሶ ይወርዳል፣ ከዚያ ትለቁታላችሁ። በአንድ ቦታ ላይ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይሄን ደጋግሙ።

ከዚያ የውሃውን እንቅስቃሴ እዩ። ትንሽ ምግብ ጣል አድርጉና የት ሄዶ እንደሚቀመጥ ተከታተሉ። የሚቆምበት ቦታ ቀዩ የሚጀምርበት ቦታ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የፓምፑን አፍ ወደዚያ አዙሩ፣ አሸዋውን ሳይቆፍር ከላዩ ጠረግ እንዲያደርግ። ምግብ ቀንሱ። በረዶ የሆነውን የዓሳ ምግብ ያቀለጣችሁበትን ውሃ አታስገቡ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ የምትጠቀሙት አርኦ ዲአይ ማጣሪያ (በውሃው የሟሟውን ሁሉ የሚያስቀር ማጣሪያ) አስገቡ፤ ያለሱ ልፋታችሁ ግማሹ ከንቱ ነው። ሳምንታት ይፈጃል።

ጥልቀቱንም አትርሱ። ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እስከ መስታወቱ ድረስ ይጸዳል። 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ከላይ ብቻ ጥረጉ፤ ታችኛው ኦክስጅን የሌለበት ክፍል ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚቀይረው ነውና አትቆፍሩት። በመሃል ያለው፣ ለማጽዳት ጥልቅ ለዚያ ሥራ ደግሞ ስስ የሆነው፣ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው።

ቡናማ ልጋግ ከነአረፋው

ይሄኛው ሲታይ ከቀዩ ጋር ይምታታል፣ ሕክምናው ግን ተቃራኒ ነው። ልጋጋም ቡናማ ክሮች ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ አረፋ አለ፣ ሌሊት ይሳሳሉ ቀን ይመለሳሉ፣ ቀንድ አውጣዎች ይሞታሉ። ዲኖፍላጀሌት ይባላል፣ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው። የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ናይትሬትም ፎስፌትም ዜሮ ሲሆን ነው። ስለዚህ ውሃ መቀየር አቁሙ፣ ሁለቱም የሚለካ መጠን ላይ እንዲደርሱ አድርጉ። እርግጠኛ ለመሆን በማይክሮስኮፕ እዩት። አንዳንዱ ዝርያ መርዛም ነው፣ ቁስል ባለበት እጅ አትንኩ፣ ጓንት አድርጉ።

አዲስ አኳሪየም ላይ ቡናማ ዱቄት ብቻ ከሆነ ዳያተም የሚባል ደቂቅ አልጌ ነው። ተዉት፣ ራሱ ይሄዳል።

የጠጠረ አሸዋ

አሸዋው እንደ ቂጣ ከተያያዘ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን)፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ለኩ። በተለይ ካልክቫሰር (ለኮራል ካልሲየም የሚሰጥ የኖራ ውሃ) በብዛት ወይም በፍጥነት ሲጨመር ካልሲየም ካርቦኔት ይረጋና ጥራጥሬውን ያጣብቃል። መጠኑን አስተካክሉ፣ የምትጨምሩትን ፓምፕ ፊት ለፊት ቀስ ብላችሁ አንጠባጥቡ። የጠጠረውን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየሰበራችሁ አውጡ።

ጥቁር ቦታና የተበላሸ እንቁላል ሽታ

ሽታው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ነው፣ ለዓሳ መርዝ ነው። አታማስሉት። ጥቁሩን በቱቦ ስባችሁ በቀጥታ ወደ ውጭ ባልዲ አውጡ። ታች ቀርቶ ሳይሸት ከተቀመጠ ደግሞ አትነካኩት።

አሸዋው ሁልጊዜ የሚነሳ ከሆነ ወይ ፓምፑ ወደ ታች አዘቅዝቋል ወይ ጥራጥሬው በጣም ደቂቅ ነው። ጥራጥሬው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ አራጎናይት (ከካልሲየም ካርቦኔት የሆነ አሸዋ) ግዙ። ድንጋዩን ደግሞ መጀመሪያ መስታወቱ ላይ አስቀምጡ፣ አሸዋው ከዚያ በኋላ ዙሪያውን ይፍሰስ፤ ጎቢ የሚባለው ዓሳና ፒስቶል ሽሪምፕ ከሥሩ ሲቆፍሩ የሚናድ ድንጋይ መስታወት ይሰብራል።

አሸዋ የሚያጣራ ኮከብ ዓሳ ለትንሽ አኳሪየም የሚሸጡ ሰዎች ሊያፍሩ ይገባል። አሸዋው ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ሕይወት ጨርሶ በረሃብ ይሞታል። ናሳሪየስ ቀንድ አውጣ ይበቃችኋል።

የማግኔት መስታወት ማጽጃ ወደ አሸዋው አታስጠጉ። መሃሉ የገባች አንዲት ጥራጥሬ ከላይ እስከ ታች የማይጠፋ ጭረት ታወጣለች። የታችኛውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር በፕላስቲክ ካርድ ፋቁት።